ሁለት ገና በአንድ ቤት

አምና በጥቅምት ወር ነው። እዚሁ ልደታ፣ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ከሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ቡና ተጠርተን ተሰብስበናል። ሁለተኛው እንደ ተቀዳ ስልካቸው ጮኸ። የደወለችው ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ከተማ ባል አግብታ የምትኖረው ልጃቸው ናት። «እማዬ፣ ዘንድሮ የክረምቱን ዕረፍት ከእኛ ጋር ታሳልፊያለሽ፤ ወረቀቱን ጀምሬልሻለሁ» ትላቸዋለች። እሳቸውም ደንገጥ ብለው «ምን ነካሽ ልጄ? ክረምቱ ከወጣ እኮ ሰነበተ! መስቀልም አለፈ!» ሲሉ ቡና ጠጪው ሁሉ ሳቀ።

ሳቁ ሳቅ ነው፤ ነገር ግን አለመግባባት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ካለች ትንሽ ቃል ነው። ለእኛ ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናብና ጭቃ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚያርፉበት ወራት ነው። ለአውሮፓ ሰው ደግሞ ክረምት ማለት ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት፣ ብርድና በረዶ ነው። እኛ በጋ ብለን እህል በምንሰበስብበት፣ ሰማዩ ጥርት በሚልበት ወቅት እነሱ መስኮታቸውን ዘግተው ማሞቂያቸውን ይለኩሳሉ። በዚሁ ወራት ገናቸውና አዲስ ዓመታቸው በሳምንት ልዩነት ተከታትለው ይውላሉ፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ አብዛኛውም ሠራተኛ ያርፋል። በውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን እናቶቻቸውን «ነይልን» የሚሏቸው በአብዛኛው ለዚህ ጊዜ ነው።

በዛሬው ዓምዳችን የእኚህን ጎረቤቴን ጉዞ አነሣለሁ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ታሪኩን ግን «ለሌላዋ እናት ይጠቅማት እንደሆን ንገሪላት» ብለው ፈቅደውልኛል።

መንገደኛ መሸኘት ለልደታ ሠፈር አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ «አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ» እያልን በስሙ ብቻ የምንጠራው ሜዳ ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የአዲስ አበባ መንገደኛ ሁሉ የሚነሣበት ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነው። ኋላም የጄት አውሮፕላን ሲመጣ የልደታ ሜዳ አጠረውና ማረፊያው ወደ ቦሌ ተዛወረ። በዚያን ዘመን በእንባ የሚሸኘው በአብዛኛው ለትምህርት የሚሄድ ወጣት ነበር። ወጣቱ የአገሩን ልማድ ቀስ ብሎ የሚማርበት አራትና አምስት ዓመት ነበረው። ዛሬ ግን ከሚሸኙት መካከል የልጅ ልጇን ለማየት የምትሄድ አያት አለች። እሷ ያላት ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው፤ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ቋንቋውን ሳታውቅ፣ ልማዱን ሳትለምድ፣ የልጇን ቤትም የልጇን አማቶችም ደስ አሰኝታ እንድትመለስ ይጠበቅባታል። ቀላል ነገር አይደለም።

ጎረቤቴ ለጉዞው ሲዘጋጁ ትልቁ ጭንቀታቸው ወረቀቱ ነበር። በእርግጥም ማልዶ መጀመር ይሻላል። ለጀርመንና ለጎረቤቶቿ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ የሚቀርበው ከጉዞው በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ሲሆን፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ከጉዞው 15 ቀን ቀድሞ መሆን አለበት። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ይጠየቃል፤ ቆይታውም በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን አይበልጥም። ቀጠሮ ለማግኘት የሚወስደው ጊዜ ሲታሰብበት፣ ለታኅሣሥ ጉዞ በክረምት (በእኛ ክረምት ማለቴ ነው) መነሣት ይገባል።

ሁለተኛው ጭንቀት ሻንጣው ነበር። ለልጃቸው የነጠረ ቅቤ በጣሳ፣ ቋንጣ፣ አይብ አሰናድተዋል። ይህን ሲያዩ አንዲት ተመላላሽ ነጋዴ ጎረቤታችን በጊዜ ባታስጥላቸው ኖሮ ሁሉም በፍተሻ ላይ ይቀር ነበር። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ የሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም፤ ምክንያቱም የከብት በሽታ እንዳይዛመት ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቡናው፣ ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ ግን ሻንጣ ውስጥ ገባ። ቅቤውን እዚያው ከሱቅ ገዝቶ በአገር ቤት ቅመም ማንጠር ይቻላል፤ እሳቸውም ኋላ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ሦስተኛውን ነገር ግን ማንም አላሰበበትም። ልማዱን ነው።

በኅዳር መጨረሻ ፍራንክፈርት ገቡ። በመጀመሪያው ሳምንት ያስደነቃቸው ብርዱ አልነበረም፤ ጨለማው ነበር። በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አነጋገር ከጧቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላም ትጠልቃለች። «ምሳ በልቼ ዕቃ ሳጥብ መሸ» ይላሉ። ያ ጨለማ የገና ልማዳቸውን ምሥጢር እንደ ገለጠላቸው ነገሩኝ። በዚያ አገር ገና ሊደርስ አራት እሑድ ሲቀረው ከጥድ ቅርንጫፍ የተጎነጎነ አክሊል መሰል ነገር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና አራት ሻማ ይተከልበታል። በመጀመሪያው እሑድ አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት እያሉ እስከ አራተኛው ያበራሉ። ጨለማው እየበረታ በሄደ ቁጥር የቤቱ ብርሃን እየጨመረ ይሄዳል ማለት ነው። ስድስት ዓመት የሞላት የልጅ ልጃቸው ደግሞ 24 ትንንሽ መስኮት ያለው የወረቀት መቁጠሪያ አላት፤ ከዲሴምበር 1 ጀምሮ በየጧቱ አንዱን እየከፈተች ከውስጡ ቸኮላት ታወጣለች። እኛ ጾሙን በመቁጠር ገናን እንደምንጠብቅ ሁሉ እነሱ በዚህ ይቆጥራሉ።

የመጀመሪያው ግጭት የተፈጠረው ኅዳር 26 ሌሊት ነው። ልጅቱ ማታ ቦት ጫማዋን አጥባ፣ ወልውላ በር ላይ አስቀምጣ ተኛች። ጎረቤቴ ለጸሎት ሌሊት ሲነሡ ጫማው ውስጥ መንደሪን፣ ለውዝና ከረሜላ ያያሉ። «ምግብ በጫማ ውስጥ! ነውር አይደለም?» ብለው መንደሪኑን ከፍራፍሬው ሳህን መለሱት፤ ለውዙን አነሡት፤ ጫማውንም ቁም ሣጥን ውስጥ አኖሩት። ጧት ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ለካስ በዚያ አገር ዲሴምበር 6 የቅዱስ ኒኮላስ ቀን ነው፤ ደግ የሆነ ልጅ ጫማውን ጠርጎ ካስቀመጠ ቅዱሱ ሌሊት መጥቶ ስጦታ ይሞላለታል ይባላል። ሞልተው ያደሩት እናትና አባት ናቸው እንጂ ለልጅቱ ግን እውነት ነው። አያትዋ ጣፋጩን ቢመልሱላትም ሦስት ቀን ሙሉ አኮረፈቻቸው።

ይህ ግን ትንሹ ነው። ከባዱ ታኅሣሥ 15 ቀን፣ በእነሱ ዲሴምበር 24 ማታ ደረሰ።

ጀርመኖች ዋነኛውን የቤተሰብ ምሽት የሚያደርጉት በገና ዋዜማ ነው። ሱቁ ከቀትር በኋላ ይዘጋል፤ ከተማው ጭር ይላል፤ ዛፉ ይበራል፤ ስጦታ የሚከፈተውም በዚያው ማታ ነው። በብዙ ቤት የዚያ ምሽት እራት ቀለል ያለ ነው፤ የድንች ሰላጣና ቋሊማ። ዝይውና ቀይ ጎመኑ ለማግስቱ ይቆያል። የጎረቤቴ አማች እናት፣ እሳቸውም ባልቴት ናቸው፣ «ከአፍሪካ የመጡት እናት» ብለው ቤታቸውን አሳምረው፣ ማዕዱን ዘርግተው ጠበቋቸው።

ለእኛ ግን ቀኑ ጾም ነው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፤ የእነሱ ገና የሚውለው የእኛ ጾም ሊፈታ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። ቋሊማው የአሳማ ሥጋ ነው። ሰላጣው እንቁላል አለበት። ጎረቤቴ በትሕትና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጠግቤአለሁ» አሉ። በእኛ ቤት ቢሆን ይህች ቃል የክርክር መጀመሪያ ናት፤ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ይከተላል። እዚያ ግን ሰው የተናገረው ይታመናል፤ የቤቱ እመቤት አንድ ጊዜ ጠየቁ፣ መልስ ሰሙ፣ ሳህኑን አነሡ። ጎረቤቴ በባዶ ሆዳቸው ተቀመጡ። እመቤቲቱ ደግሞ «ምግቤን ጠሉት» ብለው አዘኑ።

ስጦታ ሲታደልም እንዲሁ ሆነ። በሚያምር ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሲሰጣቸው ጎረቤቴ ብድግ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ አጎንብሰው አመስግነው ሳይከፍቱት አጠገባቸው አኖሩት። እኛ ዘንድ ጨዋነት ይህ ነው፤ በሰጪው ፊት መክፈት ስስት ይመስላል። እዚያ ግን ስጦታውን ወዲያው ከፍቶ፣ አይቶ፣ ተደስቶ ማመስገን ነው ጨዋነቱ። ያልተከፈተው ጥቅል እንደ ተናቀ ተቆጠረ።

ከሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነው። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ቋሊማውን ስትበላ አዩ። «አንዴ ቀና ብላ አየችኝ፤ የያዘችውን መዋጥ አቃታት» አሉኝ። በመኪና ሲመለሱ ማንም አልተናገረም። ትንሿ ልጅ ብቻ «አያቴ ለምን አልበላችም?» ብላ ጠየቀች፤ የመለሰላት የለም።

ሌሊት ወጥ ቤት ውስጥ እናትና ልጅ ተቀመጡ። ልጅቱ «እማዬ፣ ጾም ከተውኩ አምስት ዓመት ሆነኝ» አለች። «በስልክ ‹ጾሙን እንዴት ያዝሽው?› ስትይኝ ‹ደህና› እያልኩሽ ኖርኩ። አንቺ እንደምትጾሚ ለአማቴ ያልነገርኳትም ለዚህ ነው። ‹አንቺስ?› ብላ በፊትሽ ትጠይቀኛለች ብዬ ፈራሁ።»

እናትየው ብዙ አለቀሱ። ሊቆጧት ይችሉ ነበር፤ እንዲያውም ቃሉ አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ያን ምሽት ሁሉ ያበላሸው ሥጋው እንዳልሆነ ታያቸው። ቀድሞ አለመነገሩ ነው። «ጾሙ ያንቺና የፈጣሪሽ ነው፤ እኔ ልሸከምልሽ አልችልም። ውሸቱ ግን የእኔና ያንቺ ነው፤ እሱን ዛሬ እንጣለው» አሏት።

እንግዲህ አንባቢዎቼ ልብ በሉ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በሰው አገር ማዕድ ላይ ግን ዝምታ ብዙ ያሳጣል። ሦስት ሴቶች፣ ሦስቱም በቅን ልብ፣ አንዷ ላለማስቀየም፣ ሁለተኛዋ ላለመዋረድ፣ ሦስተኛዋ ላለመጫን ብለው ዝም ስላሉ ሦስቱም ተጎድተው አደሩ።

ጀርመን አገር ዲሴምበር 26ም በዓል ነው፤ ዘመድ ጥየቃ የሚኬድበት ቀን ነው። ጎረቤቴ የተቆላ ቡና ይዘው፣ ያን ስጦታ (የሱፍ የአንገት ልብስ ኖሯል) አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ልጃቸውን አስተርጓሚ አድርገው ወደ እመቤቲቱ ቤት ተመለሱ። ጾሙን አስረዱ፤ የስጦታውንም ነገር አስረዱ። እመቤቲቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያም ድሮ በእነሱም ዘንድ ከገና በፊት ይጾም እንደነበር ከአያታቸው መስማታቸውን ተናገሩ። እውነት ነው፤ በምዕራቡም ቤተ ክርስቲያን የገና ዋዜማ ሳምንታት በጥንት ጊዜ የጾም ወራት ነበሩ። ወዲያው ተነሥተው ሥጋ የሌለበት የምስር ሾርባ ሠሩ። «ምስር ወጥ ናት፤ በርበሬ ብቻ ነው የጎደላት» ይላሉ ጎረቤቴ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ተቃና። ታኅሣሥ 22 ሌሊት የአዲስ ዓመታቸውን ርችት በመስኮት አዩ። ታኅሣሥ 29 ደግሞ የእኛ ተራ ሆነ። በዚያ አገር ዛፉ ከቤት የሚወጣው በብዙ ቦታ ከጃንዋሪ 6 በኋላ ስለሆነ፣ በእኛ የገና ጧት መንገዱ ዳር ሁሉ የተጣለ ጥድ ተጋድሞ ነበር። «የእነሱ በዓል ሲወጣ የእኛ ሲገባ በር ላይ ተገናኙ» አሉኝ። ቀኑ የሥራ ቀን ነበርና እንግዶቹ የመጡት ማታ ነው። ቅቤው እዚያው ተነጥሯል፤ ዶሮዋ በ12 ብልት ተበልታ ተሠርታለች። ቡናው ሲቆላና ዕጣኑ ሲጨስ ኮርኒሱ ላይ ያለው የጭስ መጠቆሚያ ጮኸና ቤቱን አተራመሰው፤ በጀርመን መኖሪያ ቤቶች ይህ መሣሪያ በሕግ የታዘዘ ነው። አማችየው ወንበር ላይ ቆመው በፎጣ ሲያራግቡ እመቤቲቱ በሳቅ እንባቸውን ጠረጉ። ልጅቱም ከአያትዋ እጅ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጎረሰች። ሁለተኛዋን ራሷ ጠየቀች።

እንዲህ ያለው ነገር በጀርመን ብቻ የሚያጋጥም አይደለም። በ1970ዎቹ በሶቪየት ኅብረት የተማሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። እዚያ የክረምቱ ታላቅ በዓል ገና ሳይሆን አዲስ ዓመት ነበር። የተከለከለው የጥድ ዛፍ በ1935 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ የአዲስ ዓመት ዛፍ ሆኖ ተመለሰ፤ ለልጆች ስጦታ የሚያድለውም የውርጭ አያት የሚባል ጢማም ሽማግሌ ከበረዶ ልጅ ጋር ነው። የሩስያ ኦርቶዶክሳውያን ገና ግን እንደኛው ጃንዋሪ 7 ይውላል። በስዊድን ደግሞ ዲሴምበር 13፣ በእኛ ታኅሣሥ 4፣ የቅድስት ሉሲያ ቀን ነው፤ ልጃገረዶች ነጭ ለብሰው፣ መሪያቸው ራሷ ላይ የሻማ አክሊል ደፍታ በጧት ጨለማ እየዘመሩ ይገባሉ። ነጠላ የለበሱ ልጆች በጧፍ ብርሃን ሲዘምሩ ላየች የልደታ እናት ይህ ጨርሶ እንግዳ ሊሆንባት አይችልም።

ስለዚህ ለመሄድ የምታስቡ እናቶች፣ እናታችሁንም የምትልኩ ሠራተኞች፣ ከጎረቤቴ የተማርኩትን ባጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ከልጃችሁ ጋር ቀን ቁጠሩ። የእነሱ ገና በእኛ ታኅሣሥ 16 ነው፤ የእኛው አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ነው። የምትጾሙ ከሆነ የምትበሉትን እንጂ የማትበሉትን ብቻ አትንገሩ። «ሥጋ አልበላም» ከማለት «ምስር፣ ድንች በዘይት፣ ዳቦ ይበቃኛል» ማለት አስተናጋጇን ከጭንቀት ያድናታል።

ሁለተኛ፣ ስትራቡ «ጠግቤአለሁ» አትበሉ። ሁለተኛ የሚጠይቃችሁ ላይኖር ይችላል።

ሦስተኛ፣ ያልገባችሁን ነገር ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ጫማ ውስጥ ያለ መንደሪንም ቢሆን።

አራተኛው ለልጆች ነው። እናታችሁን ስትጋብዙ ኑሯችሁ እንደ ተለወጠ ቀድማችሁ ንገሯት። እናት ከምታየው ነገር ይልቅ የተደበቀችው ነገር ይጎዳታል። ጓዳችሁን ከፍታ ማወቅ የለባትም።

አምስተኛው እዚህ ለምንቀር ለሁላችን ነው። ከውጭ አገር የልጅ ልጆች ለበዓል ሲመጡ «ስማ፣ ጉልበት መሳም እንኳ አያውቅም!» እያልን በፊታቸው አንማማ። ያ ልጅ በቤታችን ውስጥ የጎረቤቴን ያህል ባዕድ ነው። ግንቦት 1 ቀን የልደታ ዕለት ከደጅ ወጥተን ንፍሮ ቀቅለን፣ ቡና አፍልተን ከጎረቤት ጋር ስንቀመጥ፣ ለእኛ በረከት የሆነው ለእሱ «ሰዎቹ ቤት እያላቸው ለምን ውጪ ይበላሉ?» የሚያሰኝ ነው። ቀስ ብሎ ይነገረው፤ ንፍሮውም በእጁ ይሰጠው።

ጎረቤቴ ዘንድሮ መሄድ አልቻሉም፤ የአውሮፕላኑ ዋጋ በየዓመቱ የሚቻል አይደለም። ነገር ግን ኅዳር 26 ማታ ቤታቸው ተቀምጬ ሳለሁ ስልክ አንሥተው ፍራንክፈርት ደወሉ። ልጅቱ አማርኛ ስትሰማ ጥቂት ጥቂት ይገባታል። «ጫማሽን ጠርገሽ በር ላይ አስቀመጥሽ?» ብለው ጠየቋት።

«አስቀመጥኩ አያቴ። አንቺስ?»

ጎረቤቴ ወደ በሩ አዩ። የእሳቸው ጫማ እዚያው ነበር፤ አቧራውም አልተጠረገም። «ቆይ» አሏት፣ «አሁኑኑ እጠርገዋለሁ።»